ከኮኑ ጀርባ ያለው አየር

የቤዝ ጡሩምባ ሲያዩ ዓይንዎ የሚያርፈው በሰፊው አፍ ላይ ነው። እኔ ግን ከድራይቨሩ (ኮን የተባለውን ሾጣጣ ገጽ በማግኔት ከሚያነዝረው ድምፅ ማውጫ) ኋላ ካለው ዝግ ክፍል ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

ጡሩምባው ከኮኑ ፊት የሚነሳበት ጠባብ መግቢያ ጉሮሮ ይባላል። ከጉሮሮ እስከ አፍ የሚሰፋበት ፍጥነት ድምፅ ማስተላለፍ የሚጀምርበትን ፍሪክዌንሲ ይወስናል፤ ይህን ወሰን መቁረጫ እንበለው፣ ለምሳሌም 40 ኸርዝ እንያዝ። ወደ መቁረጫው ስንወርድ በጉሮሮው ያለው አየር የኮኑን ጉልበት ወደ ውጭ ከማስተላለፍ ይልቅ እንደ ክብደት ይጫነዋል።

ይህን ክብደት የሚያጣፋው የኋላው ክፍል ነው። ጫፉ በጣት የተደፈነ የብስክሌት ፓምፕ እጀታውን መልሶ እንደሚገፋ፣ በክፍሉ የታመቀው አየርም ኮኑን እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ይገፋዋል። ክፍሉ ሲያንስ ሞላው ይጠነክራል። ክብደትና ሞላ የሚጎትቱት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ እኩል ሲሆኑ ይጣፋሉ። በኤክስፖነንሻል ጡሩምባ (ስፋቱ በየእኩል ርቀቱ በአንድ ዓይነት ብዜት በሚያድገው) ደግሞ ከመቁረጫው በላይ ሁለቱም ጫናዎች ፍሪክዌንሲ ሲጨምር በአንድ መጠን ይቀንሳሉ። ስለዚህ በትክክል የተለካ አንድ ክፍል የሚያጣፋው በአንድ ፍሪክዌንሲ ብቻ ሳይሆን ከመቁረጫው በላይ ባለው ሁሉ ነው። ከዚህ ሥራ ሁሉ እጅግ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ልኩን ለማግኘት ሦስት የድራይቨር ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ ቲል እና ስሞል በተባሉ መሐንዲሶች ስም ይጠራሉ። ኤፍኤስ ድራይቨሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚነዝርበት ፍሪክዌንሲ ነው። ቪኤኤስ ከኮኑ ማንጠልጠያ ጋር እኩል ልስላሴ ያለው የአየር መጠን ነው። ኪውቲኤስ ንዝረቱ ምን ያህል እንደሚገታ ይነግረናል፤ ማግኔቱ ሲበረታ ቁጥሩ ያንሳል።

ኤፍኤስ 30 ኸርዝ፣ ኪውቲኤስ 0.3፣ ቪኤኤስ 200 ሊትር ይሁን። የድምፅ መሐንዲሱ ዶን ኪል እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ስሌት ጉሮሮው 330 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለክፍሉ 30ን በ0.3 ስናበዛ 9 እናገኛለን። 40ን ለ9 አካፍለን 1 ስንቀንስ 3.44 ይቀራል። 200 ለ3.44 ሲካፈል 58 ሊትር ነው። ክፍሉን 120 ሊትር ቢያደርጉት ሞላው ይላላል፣ ከመቁረጫው በታች ያለ ጭነት የሚቀረው ኮንም ከልክ በላይ ይወራጫል። 30 ሊትር ቢያደርጉት ሞላው ክብደቱን አልፎ ኮኑን ራሱን ስለሚያግደው ዝቅተኛው ቤዝ ይሳሳል።

አሁን ማግኔቱን እናድክመውና ኪውቲኤስን 0.6 እናድርገው። ጉሮሮው እጥፍ ይሆናል፣ ክፍሉም ወደ 164 ሊትር ያድጋል። የኮኑ ክብደት ድምፁን መቀነስ የሚጀምርበት የላይኛው ወሰንም (ኤፍኤስ በ2 ተባዝቶ ለኪውቲኤስ ሲካፈል) ከ200 ወደ 100 ኸርዝ ይወርዳል። ጡሩምባ ብርቱ ማግኔት የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ጣውላ ከመቁረጥዎ በፊት፦ 58 ሊትሩ የአየር ብቻ ነው፤ ማግኔቱና የድራይቨሩ ገላ የሚይዙትን ቦታ ይጨምሩበት። ክፍሉን ትንሽ አስፍተው ሠርተው፣ እየለኩ በእንጨት ቁራጭ ቢያጠቡት ይቀላል።