ሮሲ፦ አንድ የቤተሰብ ስም ስለ ምን ይበዛል? ስለ ምንስ ይጠፋል?

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐርቡና በከሚሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩባቸው የወረራ ዓመታት ከሠሯቸው መንገዶች አንዱ ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ያሉት ጋራዦች ዛሬም ሥራቸውን የሚሠሩት ከጣልያንኛ በተወረሱ ቃላት ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ የሚሉት ሁሉ ከዚያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ቃላቱ ይህን ያህል ሥር ሲሰዱ የጣልያን የቤተሰብ ስሞች ግን በአካባቢያችን እምብዛም አይሰሙም። ቃል ቀርቶ ስም ስለ ምን አልቀረም? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ታሪክን ብቻ ሳይሆን ሒሳብንና ፊዚክስንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ እንዲሆነን በጣልያን አገር በብዛት ቀዳሚ የሆነውን ሮሲ የሚለውን የቤተሰብ ስም እንውሰድ።

የስሙ አመጣጥ

ሮሶ በጣልያንኛ ቀይ ማለት ነው። ቃሉ ሩሱስ ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘ ሲሆን ሮሲ የብዙ ቁጥሩ ነው። ጠጉሩ፣ ጢሙ ወይም ፊቱ ቀላ ያለ ሰው በመንደሩ ሰዎች ዘንድ ሮሶ ይባላል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ደግሞ «የነሮሶ ወገን» ለማለት ሮሲ ተባሉ። በእኛም አገር የቀላ ልጅ ቀዮ ተብሎ ይጠራል፤ ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ቅጽሉ ከባለቤቱ ጋር መቅረቱ ነው። በደቡብ ጣልያን በብዛት የሚገኘው ሩሶ የሚለው ስምም የዚሁ የሮሲ ወንድም ነው።

ሌሎቹም የታወቁ ስሞች አመጣጣቸው ከዚህ የራቀ አይደለም። ፌራሪ የብረት ሠሪ ስም ነው። ቢያንኪ ነጭ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ኤስፖዚቶ ደግሞ «ተጥሎ የተገኘ» ማለት ሲሆን በኔፕልስና በአካባቢዋ ወላጆቻቸው ላልታወቁ ሕፃናት ይሰጥ ነበር። እነዚህ ቅጽሎች ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ቋሚ ስሞች የሆኑት በመካከለኛው ዘመን ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1563 የተጠናቀቀው የትሬንቶ ጉባኤ ቆሞሶች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ካዘዘ በኋላ፣ ስሙ በመዝገብ ስለሚጻፍ ይበልጥ ጸና።

የጋልተን ጥያቄ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን አንድ ነገር አስጨነቀው። ቀድሞ ስመ ጥር የነበሩ ቤተሰቦች ስማቸው እየጠፋ ነበር። በዘመኑ ብዙዎች ይህን የትልልቅ ቤተሰቦች መዳከም ምልክት አድርገው ያዩት ነበር። ጋልተን ግን ስሙ በዕድል ብቻ ሊጠፋ ይችል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1873 ለሒሳብ ዐዋቂዎች ጥያቄ አቀረበ። ሄንሪ ዋትሰን የተባለ ቄስና የሒሳብ ሊቅ መልስ ሰጠው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ጽሑፋቸውን በአንድነት አሳተሙ። ፈረንሳዊው ቢየናሜ በዚሁ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1845 ቀደም ብሎ ጽፎ ነበር።

ነገሩን በቀላል ምሳሌ እንመልከት። ስም የሚተላለፈው በወንድ ልጅ ብቻ ነው እንበል። እያንዳንዱ ወንድ ምንም ወንድ ልጅ ያለመውለድ ዕድሉ 1/4፣ አንድ የመውለድ ዕድሉ 1/2፣ ሁለት የመውለድ ዕድሉ 1/4 ይሁን። የወንድ ልጆች አማካይ ቁጥር 1 ስለሚሆን ሕዝቡ አይጨምርም፣ አይቀንስም። አሁን 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ልዩ ስም ይዘው ቢነሡ ምን ይሆናል?

ከአንድ ትውልድ በኋላ 250 ያህል ስሞች ይጠፋሉ። ከሁለት ትውልድ በኋላ የጠፉት 390 ያህል፣ ከአምስት በኋላ 600፣ ከዐሥር በኋላ 740 ይደርሳሉ። ከመቶ ትውልድ በኋላ የሚቀሩት 37 ገደማ ብቻ ናቸው። የወንዶቹ ቁጥር ግን በአማካይ ያው 1,000 ነው። ስለዚህ በዐሥረኛው ትውልድ አንድ የተረፈ ስም በአማካይ 4 ያህል ሰዎች ሲይዙት፣ በመቶኛው 27 ያህል ይይዙታል። በሽታም ጦርነትም በምሳሌያችን ውስጥ አላስገባንም። ከሌላው የበረታ ወይም የከበረ ቤተሰብም አላስገባንም። ሁሉም በእኩል ዕድል ጀምረው ጥቂቶች በዙ፣ ብዙዎች ጠፉ።

ሕዝቡ የሚያድግ ቢሆንስ? ምንም ወንድ ልጅ ያለመውለድ ዕድል 1/4፣ አንድ የመውለድ 1/4፣ ሁለት የመውለድ 1/2 ቢሆን አማካዩ 1.25 ይሆናል። ስሙ ፈጽሞ የሚጠፋበትን ዕድል «ጠ» እንበለው። አንድ ልጅ ካለ የእርሱ ዘር ስም መጥፋት አለበት፤ ሁለት ካሉ የሁለቱም መጥፋት አለበት። ስለዚህ፦

ጠ = 1/4 + ጠ/4 + ጠ²/2

ይህ እኩልታ ሁለት መልሶች አሉት፤ እነርሱም 1 እና 1/2 ናቸው። ዋትሰን 1 ሁልጊዜ መልስ መሆኑን አይቶ «ስም ሁሉ በመጨረሻ ይጠፋል» ብሎ ደመደመ። ከዜሮ ተነሥተን ትውልድ በትውልድ ብናሰላው ግን 0.25፣ 0.34፣ 0.40 እያልን ወደ 1/2 እንጠጋለን እንጂ አናልፈውም። ትክክለኛው መልስ ትንሹ ነው። ዴንማርካዊው ስቴፈንሰን እ.ኤ.አ. በ1930 ይህን በተሟላ ሁኔታ አረጋገጠ። ይሁን እንጂ መልሱ አሁንም የሚያስገርም ነው፤ ሕዝቡ በየትውልዱ በሩብ እያደገ እንኳ ከሁለት ስሞች አንዱ ይጠፋል። አልፍሬድ ሎትካ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ የተሰበሰበውን የአሜሪካ ነጮች የሕዝብ ቈጠራ መረጃ ተጠቅሞ ሲያሰላ፣ የአንድ ሰው የስም ሐረግ የመጥፋት ዕድል 0.82 ገደማ ሆኖ አግኝቶታል።

ከስም ወደ ኒውትሮን

ይህ ስሌት ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አንድ ኒውትሮን የዩራኒየምን ኒውክለስ ሲሰነጥቅ ሁለት ወይም ሦስት አዳዲስ ኒውትሮኖች ይወጣሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሌላ ኒውክለስ ይሰነጥቃሉ፣ ሌሎቹ ያለ ልጅ ይቀራሉ። የአንዱ ትውልድ ቁጥር ከቀዳሚው ሲያንስ ሰንሰለቱ ይከስማል፤ ሲበልጥ ሊቀጣጠል ይችላል። ጣልያናዊው ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 በቺካጎ ራሱን የሚያስቀጥል የመጀመሪያውን ሰንሰለታዊ አጸግብሮት ሲያስጀምሩ የጠበቁት ይህንኑ ከ1 እጅግ በጥቂቱ የሚበልጥ ቁጥር ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሮሲ የሚለው ስም በራሱ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1905 በቬኒስ የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ ብሩኖ ሮሲ በ1933 መሣሪያውን ይዞ ወደ አስመራ መጥቶ ነበር። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችውና ለምድር ወገብ በቀረበችው በዚያች ከተማ፣ ከምዕራብ የሚመጡት የኮስሚክ ጨረሮች ከምሥራቅ ከሚመጡት እንደሚበልጡ ለካ። የምድር መግነጢስ ጨረሮቹን በዚህ አኳኋን የሚያጥፋቸው አብዛኞቹ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ከሆኑ ነው። ከዓመታት በኋላ በሎስ አላሞስ የኒውትሮኖችን ሰንሰለት የሚያጠና አንድ የመለኪያ ዘዴ አቀረበ፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ «ሮሲ አልፋ» ይባላል። ዘዴው ከአንድ አያት የተወለዱ ኒውትሮኖች በጊዜ ተቀራርበው መታየታቸውን ይጠቀማል። በአጭሩ የኒውትሮኖችን ዝምድና መቁጠር ነው።

ሮሲ ስለ ምን በዛ?

እንግዲህ ሮሲ የበዛው ቀይ ጠጉር ያላቸው ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ብዙ ስለ ወለዱ ነውን? አይደለም። ቀላ ያለ ሰው በሁሉም መንደር ስለሚገኝ ስሙ በብዙ ቦታ፣ በብዙ ሰዎች፣ ለየብቻ ተጀመረ። የአንዱ መሥራች ሐረግ የመጥፋት ዕድል 1/2 ከሆነ፣ የሁለት መሥራቾች ሐረግ በአንድነት የመጥፋት ዕድል 1/4 ነው። ሃያ መሥራቾች ካሉ ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ይሆናል። ፌራሪም የበዛው ብረት ሠሪ የሌለበት ከተማ ስላልነበረ ነው፤ ኤስፖዚቶም እያንዳንዱ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን አዲስ መሥራች ስለነበረ ነው። ስለዚህ በጣልያን ያሉ ሮሲዎች ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ማለት ስሕተት ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሮሲዎች ከጣልያን ሕዝብ ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞሉም። በኮሪያ ግን ኪም የሚለው ስም ብቻውን ከአምስት ሰዎች አንዱን ይይዛል፤ በቬትናም ንጉየን ከሦስት አንዱን ይይዛል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የስሞቹ ዕድሜ ነው። የሩቅ ምሥራቅ የቤተሰብ ስሞች ከጣልያኖቹ እጅግ ስለሚቀድሙ ዕድል ለመሰረዝ ረጅም ጊዜ አግኝቷል። ሁለተኛው ምክንያት ሰዎች የነገሥታትንና የመኳንንትን ስም መውሰዳቸው ነው። በሒሳብ ቀመር ላይ ታሪክ ሲደመርበት ውጤቱ ይለወጣል።

ሕግ ሐረግን ሲቆርጥ

ታሪክ በቀመሩ ውስጥ የገባበትን ሌላ መንገድ ከራሳችን አገር እናገኘዋለን። የፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣቸው የዘር ሕጎች ብሩኖ ሮሲን አይሁዳዊ ነው ብሎ ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ወንበሩ አባረረው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1940፣ በቅኝ ግዛቶቹ ከጣልያን አባትና ከአገሬው እናት የተወለዱ ልጆችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ጣልያናዊ አባት እንዲህ ያለውን ልጁን መቀበልና የቤተሰብ ስሙን መስጠት ተከለከለ። ከጦርነቱ በኋላ ሕጉ ቢሻርም ብዙ ልጆች ያለ አባት ስም አድገዋል፤ የእናታቸውን አባት ስም ይዘው የተጠሩም ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በቀመሩ ቋንቋ የእነዚህ አባቶች ስም «ያለ ወንድ ልጅ» እንደ ቀረ ስም ይቈጠራል። ልጆቹ ግን ነበሩ፤ አድገው ወልደው ከብደዋል። የጠፋው ስሙ እንጂ ሰዉ አይደለም። በጋራዡ የቀሩት ቃላት ፈቃድ አላስፈለጋቸውም፤ ስሙ ግን የመዝገብና የሕግ ጥገኛ ስለሆነ በአንድ ፊርማ ሊቆረጥ ቻለ። ጋልተን በኋላ የሰውን ዘር በመምረጥ ለማሻሻል የሚል አስተሳሰብን መመሥረቱ ይታወቃል። የራሱ ጥያቄ ያስገኘው ሒሳብ ግን የስም መብዛትም ሆነ መጥፋት ለብልጫ ማስረጃ እንደማይሆን አሳይቷል።

የእኛስ ሥርዓት?

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ልማዱ አልተለወጠም። ለምሳሌ የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን እንውሰድ። አባታቸው ኢማም ዓሊ ነበሩ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ እስኪጠመቁ ድረስ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። በደሴ በስማቸው በተሰየመው ትምህርት ቤት የሚታወቁት ልጃቸው ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናቸው፤ የወይዘሮ ስኂን ልጅ ደግሞ እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። በአራት ትውልድ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዘለቀ አንድም ስም የለም፤ ሐረጉ ግን አልተቋረጠም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሐረግ መገኘታቸውም በስሞቹ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ስሙ በየትውልዱ ስለሚታደስ በእኛ ዘንድ የጋልተን ስሌት አይሠራም። ዋጋው ግን አለ፤ ከአያት በላይ ያለው ዝምድና በመዝገብ ላይ አይታይም፤ የሚኖረው በሽማግሌዎች ትዝታ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን ከመዝገብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን ሳያስቡት ወደ ስሌቱ ገብተዋል። የዚያ አገር ቅጽ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ በቀለ ወይም ተስፋዬ የሚለው የአባት ወይም የአያት ስም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ቋሚ ስም ይሆናል። በብዙ ሰዎች የተጀመሩት እንደ ሮሲ የመቆየት ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ በአንድ ሰው ብቻ የተጀመረው ስም በአንድ ትውልድም ሊከስም ይችላል። የስሌቱ ሕግም ራሱ እየተለወጠ ነው። የጣልያን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ልጅ በቀጥታ የአባቱን ስም ብቻ እንዲይዝ የሚያደርገውን ደንብ ሽሮ፣ ወላጆች በሌላ ካልተስማሙ የሁለቱንም ስም እንዲወርስ ወስኗል። ከእንግዲህ ስምን የሚያስተላልፉት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው ብሎ ማስላት አይቻልም።

መልመጃ

1. ምንም ያለመውለድ ዕድል 1/5፣ አንድ የመውለድ 1/5፣ ሁለት የመውለድ 3/5 ቢሆን «ጠ» ስንት ይሆናል? ስሙ በሦስት ሰዎች የተጀመረ ቢሆንስ? (መልስ፦ 1/3 እና 1/27።)

2. በሐርቡ፣ በኮምቦልቻ፣ በደሴ ወይም በምትኖሩበት ቦታ ሁሉ ከቤተሰባችሁ አንድ አዛውንት ጠይቁ። ሊያስታውሱ ከሚችሉት ከሩቁ አያት ጀምራችሁ በየትውልዱ የተወለዱትን ወንዶችም ሴቶችም መዝግቡ። አስቀድማችሁ በወንዶች ብቻ፣ ቀጥሎም በሁሉም በኩል ቁጠሩ። የመጀመሪያው ቁጥር ስም ቢወረስ ኖሮ ስሙን የሚይዙትን ይነግራችኋል። ሁለተኛው ደግሞ ዘመዶቻችሁ ምን ያህል እንደሆኑ ይነግራችኋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስም ብቻውን የሚደብቃቸው ሰዎች ቁጥር ነው። አዛውንቱ ዛሬ የሚነግሯችሁ በሌላ መዝገብ የማይገኝ ስለሆነ ሥራው ሳይዘገይ ቢሠራ ይመረጣል።