በመርካቶ ፊደል ምን ሥራ አለው?

ፊደል የቆጠረ ገበሬ «ማንበብስ ቻልኩ፤ ከእንግዲህ ምን ላድርግበት?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ያልታረሰበት ማረሻ ይዝጋል። ያልሠሩበት ፊደልም እንዲሁ ይረሳል። በዚህ ትምህርት ፊደልና ቁጥር በገበያ ውስጥ ምን ሥራ እንዳላቸው እንማራለን። የምንማርበት ገበያ የአዲስ አበባው መርካቶ ነው። በመርካቶ የሚሠራው ግን በወረዳችሁ ገበያም፣ በቀበሌያችሁም ይሠራል።

1. መርካቶ እንዴት ተቋቋመ?

ዱሮ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር። ቦታውም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አስነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ አሁን ወዳለበት ቦታ ወሰደው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። በጣሊያንኛ «መርካቶ» ማለት ገበያ ማለት ነው። ጠላት ተባሮ ወጣ፤ ገበያው ግን ቀረ። ያስፋፋውም አገሬው ራሱ ነው። ዛሬ መርካቶ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እዚያው ተጎራብተው ይታያሉ። ከየአገሩ የመጣ ሰው፣ ሃይማኖቱም ቋንቋውም ልዩ ልዩ የሆነ፣ በአንድ ሰፈር ይነግዳል።

2. «ተራ» ማለት ምን ማለት ነው?

መርካቶ ሲያዩት የተደበላለቀ ይመስላል። ነገር ግን ዕቃው ሁሉ የየራሱ ቦታ አለው። ቦታው «ተራ» ይባላል። ሸማ የሚሸጠው በሸማ ተራ ነው። ጎማ በጎማ ተራ፣ ቆጮ በቆጮ ተራ፣ በርበሬ በበርበሬ ተራ ይገኛል። እህል የሚራገፍበት ደግሞ እህል በረንዳ ይባላል። እነዚህን ስሞች ለይቶ የሚያነብ ሰው መንገድ አይጠፋውም።

የእጅ ጥበብም በየተራው ይታያል። ምናለሽ ተራ የሚባለውን እንመልከት። እዚያ የሚጣል ነገር የለም ቢባል ይቀላል። አሮጌ በርሜል ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል። ባዶ ቆርቆሮ ኩራዝ ይወጣዋል። ያለቀ ጎማ ጫማ ይሆናል። ይህን የሚሠሩት በመዶሻና በመቀስ፣ በዓይናቸው ልክ እየለኩ ነው።

ሸማውንም እንይ። ጥጡን የሚፈትሉት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ፈትሉን ሸማኔው ይሸምነዋል፤ ጥለቱን ያገባበታል። ከዚያ ነጋዴው ተቀብሎ ይሸጠዋል። እንግዲህ አንድ ነጠላ በሦስት እጅ አለፈ ማለት ነው። ሸማኔው 12 ነጠላ ለነጋዴ በዱቤ ቢሰጥ፣ ነጋዴው ደግሞ «የተቀበልኩት 10 ነው» ቢል ማን ይፈርዳል? በዕለቱ የተጻፈና የተፈረመበት ወረቀት ካለ ጠብም ሽማግሌም አያስፈልግም። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ብዙ እጅ የሚገባበት ሥራ በጽሑፍ ካልተያዘ አይዘልቅም።

3. ከቆጮ እስከ መንገድ ሥራ

በቆጮ ተራ የሚሸጠው ቆጮ ከእንሰት ይሠራል። እንሰቱ ተቆርጦ ይፋቃል። የተፋቀው በኮባ በተነጠፈ ጉድጓድ ይቀበራል፤ እየተብላላም ይቆያል። ከዚያ ወጥቶ ይጨመቃል፣ ይጋገራል። ይህን ምግብ ከሚወዱት አንዱ የጉራጌ ሕዝብ ነው። ከመርካቶ ነጋዴዎችም ብዙዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ናቸው። መስከረም 17 ቀን መስቀል ሲደርስ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ለወላጅና ለዘመድ የሚሆን ይዘው ወደ አገራቸው ይገባሉ። በዓሉ ቤተ ሰብ የሚሰበሰብበት ነው። ክትፎው ይቀርባል፤ የተጣላ ይታረቃል።

ዱሮ ግን ወደ አገር መግባት እንደ ዛሬ ቀላል አልነበረም። መኪና የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ተሰብስበው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከሱቃቸውና ከደመወዛቸው ገንዘብ አዋጡ። ከመንግሥት ጋር እየተጋገዙ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚያስገባ መንገድ አሠሩ፤ ትምህርት ቤቶችንም አሠሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ሰው ግን ገንዘቡን ለማያየው ሩቅ ሥራ የሚያዋጣው ስሙና የሰጠው ብር በመዝገብ መስፈሩን ሲያውቅ ነው።

4. ሚዛኑን ማንበብ

አንድ ሽማግሌ ገበሬ አንድ ጆንያ በርበሬ ይዘው ወደ መርካቶ መጡ እንበል። ጆንያው ሚዛን ላይ ወጣ።

«አባባ፣ 52 ኪሎ ነው። ለጆንያው 3 ኪሎ እንቀንሳለን» አላቸው ነጋዴው።

«ቆይ እስቲ ልጄ። ጆንያው ባዶውን ይመዘንልኝ» አሉት።

ባዶው ጆንያ ሲመዘን 1 ኪሎ ሆነ። እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። ለሂሳቡ እንዲመቸን የአንዱ ኪሎ ዋጋ 300 ብር ነው እንበል።

ነጋዴው እንዳለው ቢሆን፦ 52 ሲቀነስ 3 ይሆናል 49 ኪሎ። ዋጋው 14,700 ብር ነው።
ሚዛኑ እንዳሳየው ከሆነ፦ 52 ሲቀነስ 1 ይሆናል 51 ኪሎ። ዋጋው 15,300 ብር ነው።

ልዩነቱ 600 ብር ነው። ይህ ብር የሄደው በሌብነት ላይሆን ይችላል፤ በልማድም ይሆናል። ነገር ግን በልማድም ቢሄድ የሄደው ከገበሬው ኪስ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 51 ኪሎ ልክ 3 ፈረሱላ ነው። ስለዚህ የሚዛኑን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። ባዶውን ዕቃ አስመዝኑ። ሂሳቡን ከመሸጣችሁ በፊት በወረቀት ሥሩ።

5. እቁብና መዝገቡ

በመርካቶ ብዙ ሰው ንግዱን የጀመረውም ያስፋፋውም በእቁብ ነው። እቁብ እንዲህ ነው። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ይጥላሉ። በጠቅላላው 10,000 ብር ይሆናል። ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው ሰው 10,000ውን ብር ይወስዳል። በ20 ሳምንት ውስጥ ለሁሉም ይደርሳል። ባንክ የማያበድረው ሰው በዚህ ሱቅ ይከፍታል፣ በሬ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል።

አሁን ልብ በሉ። 20 ሰው በ20 ሳምንት ውስጥ 400 ጊዜ ገንዘብ ይጥላል። 400 ነገር በቃል ይያዛል? አይያዝም። ለዚህ ነው እቁብ ከዳኛው ሌላ ጸሐፊ የሚያስፈልገው።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው ያስገባው 500 ብር፣ የወሰደው 10,000 ብር ነው። መጣሉን ቢያቆም የ19 ሳምንት፣ ማለትም 9,500 ብር የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ይፈርማል። ዋሱ ምን ላይ እንደፈረመ ማንበብ ይኖርበታል። ሳያነቡ በአውራ ጣት መፈረም የማያውቁትን ዕዳ እንደ መሸከም ነው።

6. እድርና ሁለተኛው ቅጂ

እድርም እንዲሁ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ ይወጣል። ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል። የወጣው ዕቃ ካልተጻፈ ግን ዛሬ 40 ሳህን ይወጣል፣ ነገ 33 ይመለሳል። መዋጮውን የከፈለ ሰው ስሙ ካልተመዘገበ በሐዘኑ ቀን «አልከፈልክም» ሊባል ይችላል። ከሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ነው።

መዝገብ መያዝ ብቻም አይበቃም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ ከባድ እሳት ተነሥቶ ብዙ ሱቅና ንብረት አወደመ። እንዲህ ባለ አደጋ መዝገቡ ሱቅ ውስጥ ብቻ ካለ ከዕቃው ጋር ይነዳል። ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን ስንት እንደሚጠይቅ የሚናገር አይገኝም። ስለዚህ የእቁብም የእድርም መዝገብ ሁለት ይሁን። አንዱ በጸሐፊው ዘንድ፣ ሌላው ርቆ በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ።

7. የጽሕፈቱ ትምህርት እንዳይቋረጥ

በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ዙር በከተሞች ተካሄደ፤ በኋላ ወደ ገጠር ወጣ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ቀን ሲሠሩ የዋሉ እናቶችና አባቶች ማታ ፊደል ቆጠሩ። ከነዚያ መካከል ሥራ ያገኘው ፊደል እስከ ዛሬ ይነበባል። ሥራ ያጣው ተረስቷል። ልዩነቱ የጭንቅላት ሳይሆን የልምምድ ነው።

ስለዚህ አምስት ስድስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተሰብሰቡ። አንዱ ያንብብ፣ ሌሎቹ ይጻፉ። ልብ ወለድ ነገር መጻፍ የለባችሁም፤ ለኑሯችሁ የሚያስፈልገውን ጻፉ። ለምሳሌ የዱቤ ወረቀት እንዲህ ይጻፋል፦

ቀን ............
እኔ ............ ከ............ ላይ ............ ኪሎ በርበሬ በዱቤ ተቀብያለሁ።
ዋጋው ............ ብር ነው። የምከፍለው በ............ ቀን ነው።
የተቀባይ ፊርማ ............
የሰጪ ፊርማ ............
ምስክሮች 1ኛ ............ 2ኛ ............

ወረቀቱን ሁለት አድርጋችሁ ጻፉ። አንዱ ለሰጪ፣ አንዱ ለተቀባይ ይሁን። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

መልመጃ

1. መርካቶ ስሙን ከየት አገኘ?
2. ባዶ ጆንያ ለብቻው የሚመዘነው ለምንድን ነው?
3. 15 ሰዎች በየሳምንቱ 200 ብር እቁብ ቢጥሉ ለአንዱ ስንት ብር ይደርሳል? በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ስንት ብር ይቀርበታል?
4. የእድራችሁ መዝገብ በማን እጅ ነው? ሁለተኛ ቅጂ አለው? ከሌለው በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ፤ የመገልበጡንም ሥራ እናንተ ተቀበሉ።