ወደ ባሮ ያዘቀዘቀ ግቢ ምን ይተከልበት?

ጥያቄ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ ወደ ባሮ ወንዝ በሚያዘቀዝቅ ቦታ ላይ ቤት ሠርተናል። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ የግቢውን አፈር ጠርጎ ይወስደዋል። ማንጎ ብንተክልበት ይይዘዋል?

መልስ፦ ማንጎ ለጋምቤላ ሙቀት የሚስማማ ዛፍ ነው፤ አፈሩን ብቻውን ይይዛል ብለው ግን አይጠብቁ። ጥላው ሲከብድ ከሥሩ ሣር ይጠፋል፣ የተራቆተውን መሬት ደግሞ ዝናቡ ይሸረሽረዋል። ሣሩን ያስቀድሙ።

እኔ የምመርጥልዎ ቬቲቨርን ነው። በ1960ዎቹ በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል አገራችን የገባ ሲሆን፣ ጎረቤትዎ ኢሉባቦር ውስጥ የብዙ ገበሬ ማሳ ዳር ይዟል። ሥሩ ወደ ጎን ከመንሰራፋት ይልቅ ቁልቁል እስከ 3 ሜትር ይወርዳል። ግንቦት ላይ ዝናቡ እንደያዘ፣ ግንጣዩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ ቁልቁለቱን አግድም አቋርጠው በረድፍ ይትከሉ። ረድፉ ከተዛነፈ ውሃው ዝቅ ባለው ጫፍ ተጠራቅሞ ይሰብረዋል። ስለዚህ ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ውሃ ልኩን ሳይጠብቁ አንድም ጉድጓድ እንዳይቆፍሩ አደራ። ሲያድግ እስከ ጉልበት ይከርክሙት፤ የታጨደውን ከረድፉ በላይ ያንጥፉት።

በረድፎቹ መሀል ጠጅ ሣርና ሽፈራው ይሆናሉ። ማንጎውን መሬቱ ለጥ ወዳለበት ግርጌ፣ ከቤቱ ራቅ አድርገው ይትከሉት። ባሕር ዛፍ እዚህ ግቢ አይግባ። የጣሪያውንም ውሃ በአሸንዳ ወደ በርሜል ይመልሱት፤ በቀጥታ ቁልቁለቱ ላይ ከወረደ ገና ሥር ያልሰደደውን ችግኝ ነቅሎት ይሄዳል።