ዝንባሌን ስለ ማግኘትና ስለ አካባቢ መሐንዲስነት

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ ሁሉ «ምን ልሁን?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ብዙዎቻችን መልሱን የምንፈልገው ከራሳችን ዘንድ ብቻ ነው፤ የትኛውን ትምህርት እወዳለሁ፣ ደመወዙስ ስንት ነው እያልን እናስባለን። ይህ ክፉ አሳብ አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ሰው ሞያውን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሕዝቡን ችግር ተመልክቶ «ይህን ማን ያቃናው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ነው። ለዚህም የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የጆሴፍ ባዛልጌት ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባዛልጌት በ1819 ተወለደ። በወጣትነቱ በምድር ባቡር ሥራ ላይ የተሰማራ መሐንዲስ ነበር፤ በ1847 ግን ከሥራ ብዛት የተነሣ ጤናው ታወከ። ካገገመ በኋላ በ1849 የለንደንን የፍሳሽ ቦዮች በሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በረዳትነት ተቀጠረ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ይህ ሥራ የዕድሜ ልክ ሞያው ሆነ።

በዚያን ዘመን የለንደን ቆሻሻ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይወርድ ነበር፤ ከዚያው ወንዝም ብዙ ሰው የሚጠጣው ውኃ ይቀዳ ነበር። ኮሌራ በየጊዜው እየተነሣ ሺሕ በሺሕ ሕዝብ ፈጀ። አብዛኞቹ ሊቃውንት በሽታው በክፉ ሽታ ይመጣል ይሉ ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን «ነገሩን ከሥሩ፣ ውኃውን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ በ1854 በብሮድ ስትሪት ሠፈር የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ እያመለከተ፣ አብዛኞቹ ከአንድ ፓምፕ የሚጠጡ መሆናቸውን ገለጠ።

በ1858 በጋ የወንዙ ግማት የፓርላማውን አባሎች ስላስጨነቃቸው ለሥራው ገንዘብ ተፈቀደ። ባዛልጌትም ወደ 130 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋና ዋና ቦይ በጡብ አሠራ። ቦዮቹ ከወንዙ ጎን ለጎን ተዘርግተው የድሮዎቹን ፍሳሽ ወንዝ ሳይደርስ ይቀበሉታል። በተዳፋት ራሱ እየወረደ ይሄዳል፤ ዝቅ ባለው ቦታ በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ያነሣዋል። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ይልቁንም የተጎዳው ሥራው ገና ያልተፈጸመለት የምሥራቁ ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ የኮሌራ ወረርሽኝ ለንደንን አላገኛትም።

ሆኖም ሥራው ጉድለት ነበረው። ቆሻሻው ከከተማው ራቀ እንጂ ሳይጣራ ወደ ታችኛው ወንዝ ይለቀቅ ነበር፤ የአንዱ ሠፈር ጽዳት ለሌላው ዕዳ ሆነ። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሌሎች ተነሡ። በ1914 አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሰዎች በማንቸስተር፣ በፍሳሽ ውስጥ አየር ሲነፋ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ተራብተው ቆሻሻውን እንደሚበሉት፣ ኋላም ከሥር እንደሚዘቅጡና ከላይ የጠራ ውኃ እንደሚቀር አስረዱ። ይህ ዘዴ ዛሬም በዓለም ከተሞች ይሠራበታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ። በዳርቻቸው ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ውኃ አትክልት ያጠጣሉ፤ ጎመኑና ሰላጣው ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። እንግዲህ የጣልነው ነገር ወደ ገበታችን ይመለሳል ማለት ነው። ገበሬው መሬቱን ትቶ የት ይሂድ? ወንዙ መጥራት አለበት እንጂ።

ይህን ሞያ የሚሻ ተማሪ ሒሳብን የውኃ ፍሰት ለመለካት፣ ኬሚስትሪን በውኃው ያለውን ለመመርመር፣ ባዮሎጂን ስለ ተሕዋስያኑ ለማወቅ ይማር። ከሁሉ በፊት ግን ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ሌላው የሚጸየፈውን ቀርቤ ለመመርመር እችላለሁን? ሁለተኛ፣ ከከተማው በታች ስለሚኖረው ሰው አስባለሁን? ሦስተኛ፣ ምስጋና ባላገኝ እጸናለሁን? የዚህ መሐንዲስ ሥራ ከመሬት በታች የተቀበረ ነውና ሲሳካ ማንም አያየውም፤ ፍሬው ሳይታመም ያደገ ሕፃን ነው። ለሦስቱም ጥያቄ «አዎን» የሚል ተማሪ ቢኖር፣ ወንዞቻችን ሥራ አዘጋጅተው ይጠብቁታል።