የእድር ድንኳንና የወረርሽኝ በሽታ

የሕዝብን ጤና መጠበቅ የሐኪምና የመንግሥት ሥራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሐኪሙ ከመድረሱ አስቀድሞ ከበሽተኛው ደጅ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ሕዝቡ ራሱ ያቋቋማቸው ማኅበራት፤ ይልቁንም እድር፤ ወረርሽኝን ለመከላከል ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ እንመለከታለን።

ከታሪክ የምንማረው

አገራችን ደብረ ታቦር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ1858 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበትና ብዙ ሰው ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱም ሰፈሩን አንሥተው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፍ በሽታ ነውና፤ ብዙ ሰው ያለ መጸዳጃ በአንድ ውኃ ዳር ሲሰበሰብ የሚደርሰውን ጥፋት ከዚህ ለመረዳት ይቻላል።

በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ዓለምን ያጥለቀለቀው ኢንፍሉዌንዛ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በኅዳር ወር ስለ በረታ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠለው ለዚያ መታሰቢያ ነው ይባላል። ጢሱ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ አይገድልም፤ እንዲያውም ሳንባን ይጎዳል። መጥረጉ ግን ዝንብንና አይጥን ስለሚያርቅ ይጠቅማል። ከሁሉም በላይ ሕዝብ ያለ አስገዳጅ በአንድ ቀን ለአንድ ሥራ መውጣቱ ሊናቅ የማይገባው ኃይል ነው።

በቅርብ ዘመንም በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር ተነሣ። ይህ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፤ ትኩሳቱ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ስለ ታየ ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ተጀመረ። የወባ መድኃኒት ወስደው የማይድኑ ሰዎች በአንድ መንደር ሲበዙ ይህን አስቀድሞ ሊያስተውል የሚችል ማን ነው? በየሳምንቱ ጠያቂና ቀባሪ ሆኖ የሚውል የእድር ሰው ነው።

የእድር ኃይልና የእድር አደጋ

እድር አባሎቹን በመዝገብ ያውቃል፤ መዋጮ ይሰበስባል፤ ድንኳንና ዕቃ አለው፤ የዳኛውም ቃል ይከበራል። ነገር ግን ሰውን ሁሉ በአንድ ድንኳን የሚሰበስብ፤ ከለቅሶ የቀረውንም የሚቀጣ እርሱው ነው። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ደግሞ ከዚህ የተመቸ ስፍራ የለም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መግባቱ ተረጋገጠ። በዚያው ወር መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅም ብዙ ሆኖ መሰብሰብን ከለከለ። እኔም ከባሕር ማዶ ትምህርቴን ጨርሼ የተመለስሁ የጤና መኰንን ነበርሁና፤ በአንድ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሜ «ተበተኑ» ብዬ ተናገርሁ። አንድም ሰው አልተነሣም። አንድ አዛውንት ብቻ «ልጄ፤ ዛሬ እኔ ብቀር ነገ በእኔ ደጅ ማን ይቆማል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገሩ የተለወጠው የእድሩ ዳኛ «በሽታው እስኪያልፍ በቀረ ሰው ላይ ቅጣት የለም፤ ቀባሪው ጥቂት ይሁን፤ ለሐዘንተኛው እህልና ውኃ በየተራ እናድርስ» ብለው በወሰኑ ጊዜ ነው። ሰዉ ከበሽታው ይልቅ ከወገን መለየትን ይፈራ እንደ ነበረ በዚያ ቀን ተረዳሁ። ይህንም በትምህርት ቤት አልተማርሁትም ነበር።

እድሮች ሊያደርጉት የሚገባ

1ኛ/ የወረርሽኝ ጊዜ ሥርዐት በደኅናው ጊዜ በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። ቅጣት መቼ እንደሚቆም፤ ቀባሪዎቹ ስንት እንደሚሆኑ አስቀድሞ ይወሰን። በሐዘን ቀን የሚደረግ ክርክር ቂም ያተርፋልና።

2ኛ/ በአንድ ሰፈር ያልተለመደ ሕመም ወይም ሞት ሲደጋገም በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይነገር።

3ኛ/ ከሰው ተለይቶ እንዲቀመጥ የታዘዘ ሰው ውኃ፤ እንጨትና እህል በደጁ ይቀመጥለት፤ ወራቱ የእርሻ ከሆነም ማሳው በደቦ ይታረስለት። የሚጦረው ካላገኘ ተደብቆ ይወጣልና።

4ኛ/ ወሬ ሲነዛ ዳኛው ከጤና ባለሙያ ጠይቀው እውነቱን ለአባሎች ይንገሩ። የታመመውን ቤተሰብ ማንም እንዳይሰድበውና እንዳያገልለው ይጠብቁ።

5ኛ/ በለቅሶ ቤት የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ከድንኳኑ ጋር ይቅረብ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እድር የሐኪምን ስፍራ አይተካም፤ በሽታን መለየትና መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው። ቢሮም ብቻውን በየቤቱ ሊደርስ አይችልም። ሁለቱ ሲደጋገፉ ግን ሕዝብ ይድናል።

ለመምህራን የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ/ የኅዳር 12 ጢስና ጠረጋ በጤና ረገድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
ለ/ በእድራችሁ ደንብ ከለቅሶ ለቀረ ሰው ምን ቅጣት አለ? በወረርሽኝ ጊዜስ እንዴት ቢሆን ይሻላል?
ሐ/ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ለወላጆቻቸው አቅርበው መልሱን ጽፈው ያምጡ።