በጆሮ የሚገባ ፍርሃት

ሌሊት በረት ስንጠብቅ ጅቡን ከማየታችን በፊት ኮሽታውን እንሰማለን። ልባችን የሚደነግጠው ያን ጊዜ ነው። ብቅ ካለ በኋላማ ምን ችግር አለ? ዱላም ውሻም አለን።

በጃፓን አገር አኪራ ያማኦካ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ይህን የመሰለ ፍርሃት በድምፅ ሠርቷል። ሥራው «ሳይለንት ሂል» ለሚባል የቪድዮ ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ኮናሚ የተባለ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 አወጣው። ተጫዋቹ ቴሌቪዥን እያየ፣ በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ አንድን አባት ይመራል። አባትየው የጠፋች ልጁን ጉም በሸፈናት ከተማ ውስጥ ይፈልጋል።

በሚያስፈራው ቦታ ማሲንቆ የመሰለ ጣፋጭ ዜማ አይሰማም። ብረት ከብረት ሲፋጭ፣ ሞተር ሲያጓራ የሚመስል ድምፅ ነው የሚሰማው። ዘፈን ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል።

እኛን የገረመን ግን ሬዲዮው ነው። አባትየው ትንሽ ሬዲዮ ይዟል። ጣቢያ ሲጠፋ ሬዲዮ እንዴት ሽሽ እንደሚል ታውቁ የለ? አውሬ ሲቀርብ ያም ሬዲዮ እንዲሁ ይላል። ጉሙ አውሬውን ሸፍኖታል። በየት በኩል እንደሚመጣ ሬዲዮው አይናገርም። ተጫዋቹም ልሂድ ወይስ ልመለስ እያለ፣ ቆሞ ያዳምጣል።