ርቀትና ሰዓት፦ ከባሕር ዳር እስከ ላሊበላ በአየር

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ሰጥተን ነበር። «ከባሕር ዳር ላሊበላ በአየር 187 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» የሚል ነው። እኛ የያዝነው መልስ 19 ደቂቃ ነበር። አንድ ተማሪ ግን «ከዚያ ይበልጣል፤ ሲነሣና ሲያርፍ እንደዚያ አይፈጥንማ!» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግንበት። በኋላ ስናጤነው ግን የተሳሳትነው እኛው ሆነን ተገኘን።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንዴት አገኘነው? የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ37 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ይገኛል። የላሊበላው በ11 ዲግሪ ከ58 ደቂቃና በ38 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነታቸው በኬክሮስ 22፣ በኬንትሮስ 100 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111፣ በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ደግሞ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን 41፣ ወደ ምሥራቅ 182 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። በፓይታጎራስ ሕግ ቀጥታው 187 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል።

በካርታ ላይ ማስመሪያ ብናጋድም መስመሩ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ መካከል ያልፋል። በመኪና ግን በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ተራራውን እየዞረ፣ ገደሉን እየሸሸ ይሄዳልና።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። 187ን ለ600 አካፍለን በ60 ስናባዛ 19 ደቂቃ ያህል ይወጣል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ጥያቄያችን ግን ጎደሎ ነበር። አውሮፕላን 600 ኪሎ ሜትር የሚበረው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ጉና ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ መንደርደር፣ መውጣት፣ ቀስ ብሎ መውረድና መሬት ላይ መንዳት ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ለማስረጃ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስሌት 33 ደቂቃ ይሆናል፤ በጉዞ ፕሮግራም ላይ የሚያዝለት ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ነፋስስ? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢገጥመው ፍጥነቱ 540 ይሆንና 19ኙ ደቂቃ ወደ 21 ከፍ ይላል። ከኋላ ቢገፋው 17 ይሆናል። በአጭር ጉዞ ላይ ከነፋሱ ይልቅ መነሣትና ማረፉ ይበልጣል ማለት ነው።

እንግዲህ እኛ ዕጩ መምህራን ጥያቄ ስናወጣ «ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቢበር» የምትለውን ቃል አንርሳ። የመልስ ወረቀታችን ላይ የሌለ መልስ ሲገጥመንም ኤክስ ከማድረጋችን በፊት ተማሪውን «እንዴት አሰብከው?» ብለን እንጠይቅ። እኛም ልምምዱ ሳያልቅ ደብተሩን አስመጥተን ኤክሱን ሰረዝን፤ ምክንያቱንም በክፍሉ ፊት ተናገርን።

ለልምምድ፦ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በ12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ሰሜንና በ37 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ላሊበላ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? (መልስ፦ 180 ገደማ)